ምንም ያልተጎዳው ባሌ

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ምን ጎደለኝ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። ጣራው ያፍስስ፣ ላሟ ትሙት፣ ወገቡ ይቆረጥ፣ እንዴት ነህ ላለው ሁሉ መልሱ ያችው ናት። እኔን ነጭ ሽንኩርት ከመትከልና ከመንቀል የበለጠ ያደከመኝ ከዚህ ሰው አፍ እውነት ማውጣት ነው።

አምና ከውጭ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት ገበያውን አጥለቀለቀው። ፍሬው ትልልቅ፣ ዋጋው የእኛ ግማሽ። ነጋዴው የእኛን በእጁ እንኳ ሳይነካ አለፈን። ምርታችን መጋዘን ውስጥ ግማሹ አቆጠቆጠ፣ ግማሹ ሻገተ። መንግሥት ደግሞ በውጭ ምርት ለተጎዳ ገበሬ ድጎማ እሰጣለሁ አለ፤ ባለሙያ መጥቶ ጉዳቱን በዓይኑ አይቶ ይመዘግባል። ድጎማው ከመጣ የውሃ መሳቢያው ሞተር ይተርፍልናል። ካልመጣ ይሸጣል፤ እኛም በስተርጅና የሰው ማሳ ልንኮተኩት ነው።

ባለሙያው የሚመጣ ዕለት ጠዋት ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ምንም እንዳትነካ፣ እንዳለ ይየው ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ስመለስ ሰውየው ሲወጣ በር ላይ ተገናኘን። እንዲህ ያለ ንጹሕ መጋዘን አይቼ አላውቅም ብሎ አመሰገነኝ። ገብቼ ባይ የሻገተው በሙሉ ጓሮ ተቀብሯል፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ ለዘር ያስቀመጥኩት ምርጥ ምርጡ በሩ አጠገብ ተደርድሯል። ይባስ ብሎ ለሰውየው አንድ ከረጢት ሙሉ አሸክሞታል።

ምን ነካህ ብዬ ጮህኩበት። እንግዳ ሲመጣ ብስባሽ ላሳየው ወይ፣ ገመና ለሰው አይዘረገፍም አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ብመልስለት፣ አንቺ ሴትዮ ነገር ታበዣለሽ ብሎ ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ወረቀቱ መጣ፤ «ጉዳት አልደረሰም» ይላል።

ቅሬታ ላቅርብ ብዬ ቢሮ ብሄድ፣ መሬቱ በስሙ ስለሆነ ራሱ መጥቶ በአንደበቱ ይናገር አሉኝ። መንገዱን ሙሉ እንደ ተማሪ አስጠናሁት። ተጎድቻለሁ በል፣ አንዲት ቃል ናት፣ አትገድልህም። እሺ፣ እሺ ይላል። ወረፋ ጠብቀን ገባን። የመዝገብ ሠራተኛዋ ደህና ልጅ ናት፤ ልትረዳን እንደፈለገች ያስታውቃል።

«አባቴ፣ የውጭው ሽንኩርት ጎድቶዎታል?» አለችው።

ጉሮሮውን ጠረገ። ጎኑን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«እኔስ ምንም አልሆንኩም» አለ። ከዚያ ጠረጴዛውን እያየ፣ «የተጎዳችስ እሷ ናት። ጣቶቿ አልታጠፍ ብለዋታል። እኔ የማላይ መስሏት ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች» አለ።

ልጅቷ ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው። ቅጹ የሚጠይቀው የባለመሬቱን ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ምንም አልሆንኩም ብሏል፣ ይቅርታ እናቴ አለችኝ። እሱም «ጉዳት የለም» በሚለው ላይ ፈረመ።

ሞተሩን የገዙት ሰዎች ማክሰኞ ዕለት ወሰዱት። ሰዎቹ ሲጭኑት እሱ ገመዱን እየሳበ ያግዛቸዋል። ሠላሳ ዓመት የማያይ መስሎኝ የኖርኩት ሰው ሁሉን ያይ ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን አይዞሽ አላለኝም። ከሞተሩና ከዚህ የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደኝ እስካሁን አላውቅም።