ያልተቆጠሩት የደሴቱ ሰዎች

ባሕር በዓይኔ ሳላይ ስለ ባሕር ጦርነት ብዙ የማውቅ የመሰለኝ ልጅ ሳለሁ ነው። መንደራችን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ እንሰት በከበበው ዳገት ላይ ነበር፤ የምናውቀው ትልቅ ውሃ ክረምት ሲገባ የሚያስቸግረን ወንዝ ብቻ ነው። ጋሽ ኤርጫፎ የሚባለው ጎረቤታችን ግን ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ የዘመተ ሰው ነበር። በጫናቸው የአሜሪካ መርከብ ላይ አንድ መርከበኛ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ጦርነት ከጃፓኖች ጋር ስለተዋጉባቸው ደሴቶች በአስተርጓሚ ሲያወራላቸው ከረመ። በኋላ ለዕረፍት ጃፓን ሲወርዱ ደግሞ፣ ጸጉሩን የቆረጠለት ጃፓናዊ ከእነዚያ ደሴቶች በአንዱ የተዋጋ ወታደር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጋሽ ኤርጫፎ ጦርነቱን ከሁለቱም ወገን ሰምቶታል። በመንደሩ ይህን የሚያክል ሀብት የነበረው ሰው አልነበረም።

ማታ ማታ ወንዶቹ እሱ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። እሳቱ ላይ ያልደረቀ እንጨት ስለሚጨመር ጭሱ ከሣር ክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ከብቶቹ ከግርግዳው ወዲያ ያመሰኳሉ፤ የኩራዙ ብርሃን ከጋሽ ኤርጫፎ ጉንጭ አልፎ አይሄድም። እኔ ያኔም መቁጠር የምወድ ልጅ ስለነበርኩ ቦሎቄ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። ነጩ የአሜሪካ መርከብ፣ ቀዩ የጃፓን ነው። እሱ መርከብ ሲያሰጥም እኔ ፍሬ አነሳለሁ፤ ወታደር ሲያወርድ እጨምራለሁ።

በዚያ ዓመት ቤታችን በሐሳብ ተይዞ ነበር። አያቴ ስለሞተ አባቴና ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ማርቆስ፣ መሬት ሊካፈሉ ነው። ሽማግሌዎቹ ታላቁ ይክፈል፣ ታናሹ ይምረጥ ብለው ፈረዱ። አጎቴ ለሁለት ከፈለው፤ አንዱ እንሰት የተተከለበት የጓሮ መሬት፣ ሌላው መንገድ ከመንገድ የሚገናኝበት ድንጋያማ ቦታ። መምረጥ የአባቴ ነው። በስህተት ከመረጠ የምንራበው እኛ ልጆቹ ነን፤ ይህን እናቴ በየቀኑ ሳትናገር ትናገረው ነበር።

ከምርጫው በፊት በነበረው ምሽት ጋሽ ኤርጫፎ ስለ አንዲት ትንሽ ደሴት አወራ። ከገበያችን ሜዳ ብዙም አትበልጥም አለ። መርከቦቹ ከሩቅ ሆነው ድንጋዩ ዱቄት እስኪመስል ደበደቧት፤ ጃፓኖቹ ግን ከሥር ጉድጓድ ቆፍረው ተቀምጠው ነበር፤ አሜሪካኖቹ አሸዋው ላይ ሲወርዱ ከየጉድጓዱ ተኩስ ወጣ።

አባቴ አቋረጠው። «ሣር አላት?»

«የላትም።»

«ውሃስ?»

«ዝናብ ካልጣለ የለም።»

«እንግዲያው እብዶች ናቸው። ለደረቅ ድንጋይ ይህን ሁሉ ሰው?»

«አንተ የምታስበው በግ ነው!» አለ ጋሽ ኤርጫፎ። «እነሱ የፈለጉት ለአውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ነው። ከዚያ ከተነሱ ጃፓን አገር ይደርሳሉ። መሬቱን አትይ፣ ቦታውን እይ።»

አጎቴ ማርቆስ ሳቀ። «ሰማህ ወንድሜ? ድንጋይ አይናቅም።»

አባቴ በርጩማውን ወደ ጋሽ ኤርጫፎ አስጠጋ። ልጅ ብሆንም ነገሩ ገባኝ፤ መንገዱን እየመረጠ ነበር። በእርግጥም የመንደሩ ሰው ሁሉ በዚያ መንገድ ነበር የሚያልፈው።

እናቴ ያኔ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የእኛ እሳት ጠፍቶባት ፍም ልትወስድ ገል ይዛ መጥታለች። ጎንበስ ብላ ያሰለፍኩትን ቦሎቄ አየችና «የደሴቱ ሰዎች የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ።

ነጩ አሜሪካ፣ ቀዩ ጃፓን ነው አልኳት።

«የደሴቱን ነው የጠየቅሁህ።» ወደ ጋሽ ኤርጫፎ ዞረች። «ጋሼ፣ እነዚህ ሳይመጡ እዚያ የሚኖር ሰው አልነበረም?»

ጋሽ ኤርጫፎ እሳቱን ቆሰቆሰ። «ነበር። ጸጉር ቆራጩ ነግሮኛል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው።»

«የት ገቡ?»

«ዋሻ። ከሁለቱም ተደብቀው።»

«ምን እየበሉ?»

«እሱን አልጠየቅሁትም።»

እናቴ ፍሟን ገሉ ላይ ዛቀችና አመድ አልብሳ ወጣች። ከዚያ በኋላ ወሬው አልቀጠለም።

በማግስቱ አባቴ ሽማግሌዎቹ ፊት እንሰቱን መረጠ። ለምን ሲሉት «ልጆቼ ዋሻ አይገቡም» አለ። ነገሩ የገባው ሽማግሌ አልነበረም፤ አንዱ እንዲያውም ሐዘኑ ጎድቶታል ብሎ አዘነለት።

ለብዙ ዓመት አባቴ የተሳሳተ መሰለ። አጎቴ መንገዱ ላይ ሻይ ቤት ከፈተ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ፣ ልጆቹ ጫማ አደረጉ። እኔም እቀናባቸው ነበር። መንግሥት በተለወጠ ጊዜ ግን የሚሸሸው ጦር በዚያ መንገድ አለፈ፤ የሚያሳድደውም እዚያው ሰፈረ። አንደኛው ሻይ ቤቱን ባዶ አደረገው፣ ሌላኛው በሩን ለማገዶ ነቀለው። አጎቴ ልጆቹን ይዞ እኛ ቤት መጣ፣ እስኪረጋጋም ከእንሰታችን በላ። እናቴ ቆጮውን አቀረበች።

እኔ ግን የአባቴን ምርጫ አልደገምኩም። ደቡብ አፍሪካ ገብቼ ዱርንፎንቴን በሚባል ሰፈር ብርድ ልብስ በትከሻዬ ተሸክሜ ከመሸጥ ተነስቼ ሱቅ የከፈትኩት ሁልጊዜ ሰው በሚያልፍበት ማዕዘን ነው። መሬቱን ሳይሆን ቦታውን አይቻለሁ፣ አትርፌበታለሁ፣ ሁለት ጊዜም ተዘርፌበታለሁ። የመርከቦቹ ወሬ ዛሬ ተደባልቆብኛል፤ የትኛው የማን እንደነበር አላስታውስም። የእናቴ ጥያቄ ግን ቦታ ባየሁ ቁጥር ይቀድመኛል። ሁለት ሰዎች አንድ ማዕዘን ላይ ሲጣሉ ሳይ የምፈልገው ሦስተኛውን ነው።

ባለፈው ወር ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር፣ በሰው ግቢ የመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ተከራይቶ ስፓዛ የምንለውን ትንሽ የሰፈር ሱቅ የከፈተ ታምራት የሚባል የአገራችን ልጅ አማክረኝ ብሎ ጠራኝ። ሌላ ሐበሻ ፊት ለፊቱ ሱቅ ሊከፍት ነው።

«ጋሼ፣ ልጆች አሰባስቤያለሁ። ይሞክረኝና ያያታል!»

«ሱቅህ ያለበት ጋራዥ የማን ነው?»

«የአንዲት ጎጎ ነው።» እዚህ አሮጊቶችን ጎጎ ነው የምንላቸው።

«ስሟ ማን ነው?»

«ጎጎ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እናንተ ስትደባደቡ ጥይቱ በማን መስኮት ነው የሚገባው?»

ታምራት ከባንኮኒው ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ የዋናውን ቤት በር አንኳኳ። አሮጊቷ ከውስጥ በዙሉ ማነው አለች። ከሱቁ ነኝ አላት። የሱቁ ማን ብላ ደግማ ጠየቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ጋራዥ ውስጥ አድሯል፤ ስሙን ገና ያኔ ሲነግራት ሰማሁ።