ሜትሩ የሳተው ራስ

በጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል የምትሠራውን ነርስ እናቶች «እትዬ ጣት» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እጇን ሳታሞቅ፣ የሕፃኑን እርግብግቢት ሳትዳስስ መርፌ አንስታ አታውቅም። ባልደረቦቿ የሕፃኑን ራስ ዙሪያ በሜትር ለክተው ቁጥሩን ካርድ ላይ ይጽፉና «ቀጣይ!» ይላሉ። የእሷ ሰልፍ ግን እንደ ኤሊ ነው።

«እትዬ፣ ተራችን የሚደርሰው ልጁ ሲዳር ነው?» ይሏታል እናቶቹ። አንገቷን ደፍታ ትስቃለች እንጂ አትፈጥንም።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት የሦስት ወር ወንድ ልጇን ታቅፋ ከአማቷ ጋር ገባች። ነርሷ ዳሰሰችው። ቆም አለች፤ ደግማ ዳሰሰችው። ለስላሳው እርግብግቢት የለም። ከአናቱ ወደ ኋላ እንደ ወፍራም ስፌት የሚጎረብጥ መስመር ወጥቷል። ራሱ ወደ ኋላ ረዝሞ፣ በጎንና በጎን ጠቧል።

«የአባቱ ራስ ነው!» አሉ አማትየው ኮራ ብለው። «ለእኛ ዘር ቆብ የሚሸጥ የለም።»

«ይሁን እማማ። ብቻ ሐኪሙ ይየው።»

ወጣቱ ሐኪም ካርዱን ገለጠ። «እትዬ፣ ልኩ እኮ ትክክል ነው፤ በየወሩ አድጓል። አተኛኘቱ ነው። ስድስት ወር ሲሞላው ያምጡት።»

ነርሷ ከሐኪም ጋር ተከራክራ አታውቅም። ግን እስከዚያ ከተጠበቀ ቀላሉ ቀዶ ሕክምና እንደሚያመልጠው፣ አንጎሉም ማደጊያ ሊያጣ እንደሚችል ታውቃለች።

«ሜትሩ የሚለካው ዙሪያውን ብቻ ነው» አለች። «የጠበበውን የረዘመው ሸፈነለት። አጥንቱ ያለጊዜው ገጥሟል። ከተሳሳትኩ ይቆጡኝ፤ አሁን ግን ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ።»

ሐኪሙ ጣቱን አሳረፈ። ፈገግታው ጠፋ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልክበትን የሪፈር ወረቀት ሳበ።

ሕፃኑ በትልቁ ሆስፒታል ሲቲ ስካን ተነሣ። እውነትም የራስ ቅሉ የመሃል መጋጠሚያ ተዘግቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ።

የዚያን ዕለት ነርሷ ስልኳን ጋውኗ ኪስ ውስጥ ይዛ ዋለች። እኩለ ቀን ላይ ጠራ። እናትየው ታለቅሳለች።

«በሰላም ወጣልን! በሰዓቱ ነው የደረሳችሁት አሉን፣ እህቴ! በሰዓቱ!»

ነርሷ ወደ መተላለፊያው ወጣች። ጮክ ብላ ተናግራ የማታውቀው ሴት ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ደረሰ! በሰዓቱ ደረሰ!» አለች። ተራ የሚጠብቁት እናቶች ማን፣ ከየት፣ የት እንደደረሰ አላወቁም፤ አጨበጨቡ። ሕፃናቱ ደንግጠው በአንድ ላይ ለቅሶውን አቀለጡት፤ ወጣቱ ሐኪምም ከክፍሉ ብቅ ብሎ ከሁሉም አብልጦ ያጨበጭብ ጀመር።