የጋሽ ጎሹ መነጽር

ጋሽ ጎሹ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከወሎ መጥቶ፣ በአሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ያደገ ገበሬ ነው። ማሽላውም ማንጎውም የተመሰገነ ነው፤ ፊደል ግን አንዱንም አይለይም። ይህን ከሚስቱ ከእታለም በቀር ማንም አያውቅበትም። ወረቀት በተሰጠው ቁጥር የደረት ኪሱን ይዳብስና "አይ፣ መነጽሬን ቤት ረሳሁት!" ይላል። መነጽር የሚባል ነገር ኖሮት አያውቅም።

የእድሩ ሰዎች መነጽሩ ጠፍቶበት ይሆናል ብለው አዘኑለት። አዋጥተው ከአሶሳ ገበያ መነጽር ገዙና በስብሰባ መሀል ዓይኑ ላይ ሰኩለት። ያን ዕለት የእድሩ ጸሐፊ አንለይ ወደ ሆሞሻ ከተማ ሄዶ ስለነበር፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያመጣውን ደብዳቤ የሚያነብ ጠፍቷል።

"በል ጎሹ፣ መነጽሩን መርቀው!" አለ ጎረቤቱ ባቢከር፣ ወረቀቱን እያቀበለው።

ጎሹን ላብ አጠመቀው። ሰሞኑን የከብት ክትባት ይሰጣል ሲባል ሰምቷል። ጉሮሮውን ጠረገና "ነገ ጠዋት ከብቶቻችሁን ይዛችሁ ትምህርት ቤቱ ግቢ እንድትገኙ!" ብሎ ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። ተጨበጨበለት።

በማግሥቱ ሠላሳ የሚሆን ከብት ግቢውን ሞላው። አንዱ ወይፈን የባንዲራውን ገመድ ሲያኝክ መምህርት ሕሊና እየሮጠች ወጣች።

"ምን ጉድ ነው? እኔ እኮ የጻፍኩት ማንበብ የማይችሉ አዋቂዎች መጥተው እንዲመዘገቡ ነው!"

ባቢከር የላሟን ገመድ እንደያዘ ጠየቃት፦ "ታዲያ የኔ ላም ትመዘገባለች ወይ?"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ጎሹ መሬት ብትውጠው በወደደ። መነጽሩን አወለቀ።

"ማንበብ አልችልም። አፍሬ ነው የዋሸኋችሁ።"

ሳቁ ቀጥ አለ።

"ወላሂ፣ እኔም አልችልም" አለ ባቢከር። "አብረን እንማር።"

ከብት ሊያስከትቡ ከመጡት ዐሥራ አንዱ ያኔውኑ ተመዘገቡ።

ከሰባት ወር በኋላ ጎሹ መታወቂያውን አውጥቶ ለእታለም ያነብላት ጀመር። "ስም፦ ጎ... ሽ።" ዓይኑን አሸና ደገመው። "ሹ" የለም። ያን ሁሉ ዓመት በወረቀት ላይ የዱር ጎሽ ሆኖ ኖሯል!

እታለም ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን በጠዋት ቀበሌ ደረሰ።

"ምን እንታዘዝ ጋሼ?" አለው ሠራተኛው።

"አውሬነቱ ይብቃኝ፤ ሰው አድርጉኝ።"

ሠራተኛው ፎርም ሰጠው። ጎሹ ስሙን በገዛ እጁ ጻፈ፤ "ሹ"ን ከሌላው ፊደል ሁሉ አግዝፎ።