የፎቶው ጠርዝ

ጄኔቫ ሰርቬት ሰፈር ውስጥ አፀደን የሚያውቃት አበሻ ሁሉ ደፋር ናት ይላታል። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ወዲህ ጄኔቫ ላይ ሰልፍ በተወጣ ቁጥር፣ ካሜራ የያዘ ሰው ሲያዩ ፊታቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሞልተዋል። እሷ ግን ከፊት ትቆምና «በደንብ አንሳኝ» ትላለች። ስንት ዓመት የሆቴል አንሶላ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ጡረታ የወጣች ሴት ምን ያስፈራታል? አንድ ፎቶ ያስፈራታል። እሱም ቢሆን መኖሩን እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ አታውቅም ነበር።

ማክሰኞ የወይንሐረግ ከዙሪክ ደወለች። ኮሌጅ እያሉ የአንድ መኝታ ክፍል ልጆች ነበሩ፤ አሁን እዚያው ዙሪክ ቪዲኮን ሰፈር ውስጥ ልብስ የምታስተካክልበት ትንሽ ሱቅ አላት። የእህቷ ልጅ መስታወት ደግሞ አንድ ስፌት ቤት ሌሬ፣ እየሠሩ መማር የሚሉት፣ ገብታ ሙያ ትማራለች። ይህች ልጅ በአክስቷ የወጣትነት ዘመን የነበረውን የለንደን ፋሽን ሰፍታ ቅዳሜ ልታሳይ ነው አለች፤ የመጨረሻዋን ቀሚስ የምትለብሰው አክስቲቱ ራሷ ናት፣ አፀደም እንዳትቀር። ከዚያ እንደ ዋዛ ጨመረች። «የዚያን ቀን ፎቶ ተገኘ እኮ። ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ነው። ሰዉ ሁሉ ወጥቶበታል።»

አፀደ ስልኩን ዘግታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

የዚያን ቀን የተባለው ከአርባ አምስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ነው። አጭሩ ቀሚስ፣ ነጩ ቦቲ፣ ጆሮ ላይ የተቆረጠው ፀጉር ከለንደን ገብቶ ከተማውን ያሳበደበት ጊዜ። ኮሌጁ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀና ሞዴል የሚሆኑ ልጃገረዶች ሲመረጡ አፀደም ተሰለፈች፤ እግርሽ ወፍራም ነው ብለው መለሷት። የወይንሐረግን ግን፣ መቼም መቃ ነበረች፣ ገና ሳትራመድ ወሰዷት። ወንዶቹ ተማሪዎች ይሄ የባዕድ ባህል ነው ብለው እንቁላል ይዘው ደጅ ሲቆሙ አፀደም አብራ ቆመች። ባህል ገዷት ነው? ወይ ባህል! ቅናት ነው እንጂ። እንቁላሉ ሲያልቅ እጇ ድንጋይ አገኘ። የወይንሐረግ ደረጃው ላይ ጉልበቷን ይዛ ወደቀች። ያ ጉልበት ከዚያ ወዲህ በቅጡ ታጥፎ አያውቅም፤ የሞዴልነቱም ነገር እዚያው ቀረ።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ሆስፒታል ሾርባ ያመላለሰችው አፀደ ናት። የወይንሐረግ የወረወረው እጁ ይቆረጥ ባለች ቁጥር አፀደ አሜን ትላለች። የገዛ እጇን! ስደቱንም ልቅሶውንም አብረው ያለፉት በዚያ አሜን ላይ ነው። ዛሬ አፀደ ባሏን ቀብራለች፣ ልጅ የላትም። የወይንሐረግን ካጣች «አፅዬ» ብሎ የሚጠራት ሰው የለም።

ታምሜያለሁ ብላ ልትቀር አስባ ነበር። ግን እሷ ቀረች ብሎ ፎቶው አይቀር! ቅዳሜ ጠዋት የወጥ ቤት መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቀድማ ደርሳ፣ ሰው ሳያይ ራሷን ከፎቶው ቆርጣ ልታወጣ። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላት ሴትዮ እንዲህ ታስባለች።

ባቡሩ በቆመበት ጣቢያ ሁሉ ልውረድ ትላለች። በርን ከተማ ላይ ተነሳች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ተቆጣጣሪው ትኬት ሲላት የጤና መድን ካርዷን ሰጠችው።

ዙሪክ፣ ትርኢቱ የሚታይበት አዳራሽ ስትደርስ መስታወት ወንበር ትደረድራለች። «እትዬ አፀደ፣ እንኳን ደህና መጡ» ብላ ሳመቻትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል። አፀደ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተጠጋች። ደረጃው አለ። ነጩ ቦቲ አለ። አፋቸውን የከፈቱት ወንዶች አሉ። እሷ የቆመችበት፣ ከምሰሶው ወዲያ ያለው ግን የለም። ፎቶው ምሰሶው ላይ ያልቃል፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። መስታወት ከኋላዋ ሆና፣ ሰፊ ነበር፣ አክስቴ ትናንት በጨርቅ መቀሷ አሳጠረችው አለቻት።

አፀደ መጋረጃውን ገልጣ ከኋላ ገባች። የወይንሐረግ ባለ ዳማ ጥለት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጭ ቦቲዋን አድርጋ ቆማለች።

«የወይንዬ፣ ያቺ ድንጋይ...»

«አውቃለሁ። ስትወረውሪ ዓይን ለዓይን ተያይተናል።»

«ታዲያ ያ ሁሉ እርግማን?» አለች አፀደ።

«አሜን ስትዪ ልስማሽ ብዬ ነዋ።»

ውጭ ሙዚቃው ጀመረ። አዳራሹ በሰው ሞልቷል። የወይንሐረግ አንድ እርምጃ ሞከረችና ጉልበቷ አልታዘዝ አላት።

«ነይ ደግፊኝ» አለች። «ያን እጅሽን አምጪው።»

አፀደ ቦርሳዋን ከነመቀሱ ወንበር ላይ ትታ እጇን ሰጠቻት። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወጡ። ሰዉ ተነስቶ አጨበጨበ። አፀደ ግን እስከ መጨረሻዋ እርምጃ ድረስ አንገቷን ቀብራ ድንጋዩን ስትጠብቅ ነበር።