ዛፍ ላይ የማይበቅለው ገንዘብ

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ ጥሎት የሄደ የእንግሊዝኛ መማሪያ ነው። መቱ ገበያ ውስጥ ቃሪያ ልትጠቀልልበት መገንጠል ከጀመረች ሴት እጅ ገዛሁት። ከተረፉት ገጾች የሚበዙት እንግሊዞች ስለ ገንዘብ የሚሏቸውን አባባሎች የያዙ ነበሩ። በእያንዳንዱ ሥር መቼና ለማን እንደሚባል ተጽፏል።

በዚያ ዘመን ግጥም እጽፍ ነበር፤ መቱም ጠብባኝ ነበር። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከምግብ እነሳለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ የማውቀው መሄድ እንዳለብኝ ብቻ ነው። ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ ወዲያ ወዲህ እያልኩ አባባሎቹን ሸመደድኩ። ሳንቲሟን ጠብቃት፣ ብሩ ራሱን ይጠብቃል፤ ይህ ለልጅ ምክር ነው። ገንዘብ ኪሱን አቃጠለው፤ ይህ ያገኘውን ሳያሳድር ለሚያጠፋ ነው። የእኔ ኪስ ለብ ብሎ እንኳ አያውቅም። ከእጅ ወደ አፍ የሚለው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ይህንንማ እናቴም ትለዋለች። እንግሊዞችም እንደኛ እንደሚቸገሩ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

የተማርኩትን የምነግረው ሰው አልነበረኝም። የነበረኝ በአንድ ቡና ነጋዴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ ብቻ ነው።

«እስቲ እንግሊዙ፣ የዛሬውን አሰማን» ይለኛል።

«ሀብታም ቤት የተወለደን ሰው፣ የብር ማንኪያ በአፉ ይዞ ተወለደ ይሉታል።»

«አዋላጇስ ምን አለች?»

«አባባል እኮ ነው።»

«አባባልስ ቢሆን፣ እናትየዋን አሰብካት?» ይልና ፔዳሉን ይረግጣል።

የበረንዳው ባለቤት ጋሼ የምላቸው ሰው ነበሩ። ሱቁን ያቆሙት ከጅማ በኩል የመጡት አባታቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከሁሩሙ እስከ ጎሬ ካለው ገበሬ ቡና ይሰበስባሉ። ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን የዓመቱን ምርት አስቀድሞ ሊዋዋል አንድ ፈረንጅ ከአዲስ አበባ መጣ። አስተርጓሚው ታሞ በደሌ ቀርቶበታል። ጋሼ አስጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ በረንዳዬ ላይ የምትቀባጥረው ነገር ከሰው ያግባባል?»

«ያግባባል ጋሼ።»

«እንግዲያው ፊትህን ታጠብና ና።»

እስከ እኩለ ቀን ሁሉም ነገር ሰመረልኝ። ፈረንጁ መጋዘኑን ሲያይ፣ ፍሬውን ሲያሸት፣ ቃሉን አንድ በአንድ አቀበልኩ። መሀል ላይ ዞር ብሎ፣ አዲስ አበባ ላለው ቢሮው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝ። መኪናው ውስጥ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከወንበሩ አልተነቀለም።

ድርድሩ በረንዳው ላይ ተጀመረ። ፈረንጁ ዋጋ ጠራ፤ ጋሼ ከዚያ በላይ ጠርተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨመረ፤ አሁንም ነቀነቁ። በመጨረሻ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ተናገረ። ልቤ ዘለለች። ከወረቀት ላይ ብቻ የማውቀው አባባል ከሰው አፍ ሲወጣ ሰማሁ። ከሚገባው በላይ ለሚጠይቅ ሰው የሚባል ነው። በእኛ «ገንዘብ ከሜዳ አይታፈስም» ብል ነገሩ በሰላም ያልፍ ነበር። እኔ ግን ያን ያህል የደከምኩበትን ቃል ልለውጠው ሳሳሁ።

«ገንዘብ ዛፍ ላይ አይበቅልም ይላሉ» አልኩ።

ጋሼ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቁልቁለት ዞረው አዩ። በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናው እዚህም እዚያም ቀልቷል። ከዚያ ጆንያ ለሚሸከሙት ሰዎች በኦሮምኛ ደገሙላቸው። ሰዎቹ ተያዩ፤ አንዱ የተሸከመውን አውርዶ ላዩ ላይ ተቀመጠ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ጠይቅልኝ» አሉ ጋሼ በእርጋታ። «በእነሱ አገር ምን ላይ ነው የሚበቅለው? ይኸን ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩት በምንድን ነው? እሱስ ያን ሁሉ ጭቃ እያቦካ የመጣው ምን ፍለጋ ነው? የዛፍ ፍሬ አይደለም?»

በረንዳው በሳቅ ተሞላ። ላለሳልሰው እችል ነበር። ወንበሩም ትዝ ብሎኛል። ግን መልሱ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ አነጋገር ማበላሸት አይሆንልኝም። እንዳለ ተረጎምኩት። የፈረንጁ ጆሮ ቀላ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ጋሼ ወደጠየቁት ዋጋ ተጠጋና ተጨባበጡ። እኔን ግን አላየኝም።

ቤቴ ሮጬ ሁለት ሸሚዜን፣ ግጥሞቼንና መጽሐፉን ጠቅልዬ ስመለስ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ወንበሩ ላይ የሁሩሙ ማር የሞላበት ቅል ተቀምጧል። ስለ ቢሮው ሥራ ማንሳት ጀመርኩ። ፈረንጁ የእጅ ሰዓቱን አየና «ታይም ኢዝ መኒ» አለኝ። ጊዜ ገንዘብ ነው። መጽሐፌ ይህ ለሰነፍ ሠራተኛ ይባላል ይላል። መሪ የጨበጠ ሰው መንገድ ዳር ለቆመ ሰው እንደሚለው አልጻፈም።

ጥቅሌን ይዤ ወደ በረንዳው ተመለስኩ። ልብስ ሰፊው ጥቅሉን አይቶ፣ ለዚያች ጊዜ እንኳ ሳይቀልድ ለመርፌው ክር አጎረሰ። ጋሼ ግን ከሱቁ ውስጥ ተጣሩ።

«አዲስ አበባ ቡና የሚያወርደው ካሚዮኔ ሲሞላ ከጆንያው ላይ ትቀመጣለህ። ሂሳብ አልጠይቅህም።»

«መቼ ይሞላል ጋሼ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» በአገጫቸው ወደ ቁልቁለቱ ቡና ዛፎች አመለከቱ። «እነሱን ጠይቅ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይነሣ፣ ቁልቁለቱን እወርዳለሁ። ጤዛው ሱሪዬን እያራሰው ቅርንጫፉን ዝቅ አድርጌ ፍሬውን በአውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። የሚበዛው አረንጓዴ ነው፤ ጠጠር። ለቀቅ አደርገውና ወደሚቀጥለው ዛፍ እሄዳለሁ።