የሰው ቤት ስታጣራ የኖረችው እህቴ

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይሏታል ዛሬ እህቴን። የሚሏት ደግሞ እነማን መሰሏችሁ? እሷ ጉልበቷን እየጎተተች መዝገብ ቢሮ ድረስ ሄዳ ከሌባ አፍ ያስጣለቻቸው ሰዎች! እኔ ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እሷ ግን «ተያቸው፣ መቼ ዋሹ» ትለኛለች። እሷ ትተዋቸው፤ እኔ አልተዋቸውም።

እህቴ የሆስፒታል አንሶላ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ስትረግጥ ኖራ ጉልበቷ አልቋል። ሰፈሩ የሚያውቃት ግን በስፌቷ አይደለም፤ «ወንፊት» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ቤት ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ደላላ ጋ ይሄዳል፣ ቀጥሎ እሷ ጋ ይመጣል። «እትዬ፣ እስቲ ይሄን ቤት ያጣሩልኝ» ይላታል። እሷም ምሳ ሰዓቷን ሰውታ አብራው ትሄዳለች። ስለ ድካሟ አንድ ሻይ ከጋበዟት በቂዋ ነው፤ እሱንም ካስታወሱ።

ይሄ አመል ከየት መጣባት ብትሉ ከአባታችን ነው። አባታችን ቦታ ገዝቶ ነበር፤ ሻጩ ጨዋ የጨዋ ልጅ፣ አንደበቱ ማር። «እንዲህ ያለውን ሰው ወረቀት አምጣ ብዬ ላሳፍረው?» ብሎ እጅ ጨብጦ ከፈለ። ሁለት ክፍል ሠራ፣ ኖራ ቀባ፣ ገባን። ዓመት ሳይሞላን ሌላ ገዢ ከነማኅተሙ፣ ከነፖሊሱ መጣና ከነዕቃችን አስወጣን። እኔ እናቴ ጀርባ ላይ ስለነበርኩ አላስታውስም፤ የነገረችኝ እህቴ ናት። የቁም ሳጥኑን መስታወት አሸክመዋት ኖሮ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ስትሄድ፣ አላፊ አግዳሚው እሷን ትቶ መስታወቱ ላይ የራሱን ፊት እያየ ያልፍ ነበር አለችኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፏ ተለይቶ አያውቅም።

አጣሪነቷም የዋዛ አይደለም። ሻጩ የሚያሳየውን ካርታ ዞር ብላ አታየውም፤ «ይሄማ እጁ ላይ ያለው ነው፣ እኔ የምፈልገው መዝገቡ ላይ ያለውን ነው» ትላለች። የቦታውን ቁጥር ይዛ፣ ገዢውን አስከትላ የመዝገብ ቢሮው መስኮት ጋ ትቆማለች፤ ባለቤቱ ማነው፣ ባንክ ይዞታል ወይ፣ የፍርድ ቤት እገዳ አለበት ወይ፣ ሌላ ወራሽ አለ ወይ። ከዚያ ሻጩ በሌለበት ሰዓት ግቢው ድረስ ሄዳ በስፌት ሜትሯ አጥሩን ትለካለች፤ ጎረቤቱን በወሬ ትፈትላለች። ውል በሚፈረምበት ቀን ጠዋት ደግሞ ድጋሚ ታስጠይቃለች። «ትናንት ነፃ ነበር ማለት ዛሬም ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ ሌሊቱን ስንት ነገር ያድራል» ትላለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሕግ አላት። ገዢው ራሱ በራሱ አፍ ይጠይቃል፣ በራሱ ጆሮ ይሰማል። እሷ አጠገቡ ትቆማለች እንጂ በሱ ፈንታ ጠይቃ አትነግረውም።

ደላሎች ዓይኗን ማየት አይወዱም። አንዱ በንዴት «እርስዎ እኮ ገነት ቢገቡም ካርታ ይጠይቃሉ!» ቢላት፣ «ታዲያስ! አንዴ ሰው ያስወጡበት ግቢ እኮ ነው» ብላ አፉን አስያዘችው።

የራሷ ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ክፍል፣ ንፋሱ ደስ የሚል፣ ግን ከመንገዱ እስከ በሩ ማለቂያ የሌለው የሲሚንቶ ደረጃ። እሷ ደረጃውን ስትወጣ አንድ እግሯን ታስቀድማለች፣ ሌላውን በእጇ አንስታ ታስከትላለች። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ «ወይ ደረጃውን ይተዉ፣ ወይ ጉልበትዎን ይሰናበቱ» ብሎ። ስለዚህ ቤቷን ሸጣ ሜዳ ላይ ያለ ቤት ልትገዛ ተነሳች። አገኘችም። በሩ ሲከፈት ቀጥ ብሎ ግቢ የሚያወጣ፣ አንድ ደረጃ እንኳን የሌለው። አጣራችው፣ ለካችው፣ ነፃ ነው። የቤቱ ባለቤት አሮጊት የእህቴ ቤት እስኪሸጥ ሊጠብቋት ቃል ገቡላት። ያን ሰሞን እንደ ልጅ ነበር የሚያደርጋት። «በሬ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲያልፍ ሰላም እላለሁ፤ ከዚህ ዳገት ላይ ማንን ሰላም ልበል፣ አሞራ?» ትለኝ ነበር።

ባሏን እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዝምተኛ ነው፣ ግን ምን ዓይነት ዝምታ! ጠዋት «ደህና ዋሉ»፣ ማታ «ደህና አመሻችሁ»፣ በመሀል ምንም። ተናገር ሲሉት «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለእኔ ቀላል ነበር፤ ልቤ እስኪጠፋ እረግመው ነበር። ግን ከሥራ ደክሞ ገብቶ ዘይት አሙቆ ጉልበቷን የሚያሽ ሰው ነው። ሌላ ሴት አያይ፣ አይጠጣ፣ እጁ አይነሳ። ምን ብዬ ልርገመው?

ለቤቷ ገዢ አልጠፋም። እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ከነባሏ መጥታ አየችው፣ ወደደችው። ወጣቶች ናቸው፣ ደረጃው ምናቸውም አይደል። ነርሷ «እትዬ፣ እኔ ሌላ ማጣሪያ አያስፈልገኝም፤ እርስዎን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» አለቻት። እህቴ ተቆጣች። «እኔን? እኔን ማን አለሽ! የገዛ እናትሽ ብትሸጥልሽም ትጠይቂያለሽ። ነገ ጠዋት መስኮቱ ጋ እንገናኝ፤ በራስሽ አፍ ትጠይቂያለሽ፣ በራስሽ ጆሮ ትሰሚያለሽ።» ምነው በቀረባት! ምነው ያን ቀን አንደበቷን በያዘው!

በማግስቱ እኔ ክንዷን ደግፌ አብሬያት ሄድኩ። ቀሚሷን ተኩሳ ለብሳ ሠርግ የተጠራች ነበር የምትመስለው። ወረፋው ላይ ነርሷን ታስተምራታለች፤ «ቁጥሩን ስጪው፣ ስም እንዳትነግሪው። ስሙን እሱ ይንገርሽ።» ባለመስኮቱ ሽበታም የብዙ ዓመት ትውውቋ ነው፤ ገና ሲያያት ሳቀ።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ጉድ ልናወጣ ነው እትዬ?»

«የራሴን!» አለችው። ሁላችንም ሳቅን።

ነርሷ ቁጥሩን አነበበችለት። መታ መታ አደረገና ኮምፒዩተሩ ላይ አፈጠጠ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና እንደገና አየ።

«እትዬ፣ እስቲ በጎን በኩል አንዴ ብቅ ይበሉልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምን በጎን? እኔ መቼ በጎን ገብቼ አውቃለሁ? ጠያቂዋ እሷ ናት፣ ለእሷ ንገራት።»

«ነገ ቢመጡስ?»

«ምን ነካህ አንተ ሰው! ተናገር እንጂ!» ብላ የመስኮቱን ደፍ በመዳፏ መታችው። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን።

ተናገረ። «መያዣ አለበት። ባንክ ይዞታል። ብድሩ ስላልተከፈለ መሸጥ መለወጥ አይቻልም የሚል እገዳም ገብቶበታል።»

«ቁጥሩን ስተሃል።»

«አልሳትኩም እትዬ።»

«ድገመው!»

ደገመው። ከዚያ ምን ያድርግ፣ ኮምፒዩተሩን ወደ እኛ አዞረው። የእሷና የጋሼ ስም ጎን ለጎን ተጽፏል፤ ቤቱ በዋስትና የተያዘበት ወርም አለ። ያ ወር ሐሞቷን ልትታከም ሆስፒታል የተኛችበት ነው። ጋሼ ደሞዟን እንዲቀበልላት ብላ ውክልና ፈርማለታለች። «ሙሉ ውክልና ይሻላል፣ ሁለተኛ አይደክሙም» ያላትን ጸሐፊ እኔም አስታውሰዋለሁ። የሰውን ወረቀት ከነነጠላ ሰረዙ የምታነብ ሴት የራሷን ተኝታ ነበር የፈረመችው።

ነርሷ «እርስዎም?» አለች። ባሏ እጇን ጎትቶ «አልነገርኩሽም?» እያለ ይዟት ወጣ። እህቴ «ቆዪ እንጂ፣ ስህተት ነው፣ ቆዪ!» ብላ ልትከተላት ስትል ጉልበቷ ከዳት፤ እኔ ባልይዛት ወድቃ ነበር።

መንገዱን ሙሉ አላለቀሰችም። «ስህተት ነው፤ ጋሼሽ ሄዶ ያስተካክለዋል» ነበር የምትለኝ።

ደረጃውን እንደምንም ወጣን። ጋሼ ከጠዋት ሥራ ገብቶ በር ላይ እግሩን በሳፋ ይታጠባል።

«ቤታችንን ባንክ ይዞታል አሉኝ እኮ» አለችው፤ እሱ እንዲስቅ የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

ቀና ብሎ አያት። «አታውቂም ነበር?» አላት።

እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። እግሩ ሳፋው ውስጥ እንዳለ፣ ያ ዝምተኛ ሰው በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ተናገረ። አብሮ አደጉ ሚኒባስ ሊገዛ ሲበደር ዋስ ሁነኝ ብሎ ለመነው። እንቢ ማለት አቃተው፤ በውክልናዋ ቤቱን አስያዘለት። ሰውዬው ትንሽ ጊዜ ከፈለ፤ ከዚያ ሚኒባሱ ተገለበጠ፣ እሱም ደብዛው ጠፋ።

«ልነግርሽ አፌን ስከፍት ሐኪሙ አታስደንግጣት አለኝ። ከዳንሽ በኋላ ደግሞ መስኮቱ ጋ መመላለስ ጀመርሽ። ለዚያ ሰው ትጠይቂያለሽ፣ ለዚህ ሰው ትጠይቂያለሽ። ይቺ ሴት የራሷንማ ሳታይ አትቀርም አልኩ። ዛሬ ትጮህብኛለች፣ ነገ ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ዝም አልሽ። አውቃ ይቅር አለችኝ አልኩ። ቤቱን እንሽጥ ስትይም ከባንኩ ተነጋግራ ይሆናል እንጂ አልኩ። ለዚህ ዝምታሽ እንዴት አድርጌ እንደወደድኩሽ ብታውቂ!»

«አፍ የለዎትም እንዴ ጋሼ?» ብዬ ጮህኩበት። «አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ጠፋች?»

እህቴ እጇን ወደ እኔ ዘረጋችና ዝም አሰኘችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እኔ አንድም ቀን የራሴን ቁጥር ጠርቼ አላውቅም» አለችው። «እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ የባሌን ቤት ላጣራ? ባሏን ትጠረጥራለች ላስብል? አንተን ላሳፍርህ?»

የአባታችን ቃል ነበር፤ ቁርጥ የአባታችን ቃል። እሷ ራሷ ልብ ያለችው አይመስለኝም።

የቀረው ታሪክ አጭር ነው። ባለመስኮቱም፣ ጠበቃውም፣ ባንኩም አዘኑላት፤ ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አይደል? ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። የሜዳው ቤት አሮጊት ጥቂት ጠብቀው ለሌላ ሰጡት፤ አልፈርድባቸውም። በሆስፒታሉ ደግሞ «ወንፊት መያዣ ያለበት ቤት ልትሸጥልኝ ነበር» የሚለው ወሬ ከነርሷ አፍ ወጥቶ ፋርማሲ ደረሰ፣ ኩሽና ደረሰ፣ ዘበኞቹ ጋ ደረሰ። «ራሷ እኮ ናት ልጅቷን ወስዳ ያስጠየቀቻት፣ ሌባ እንዲህ ያደርጋል?» ብዬ ስንቱን ተሟገትኩ። ከዚያ ወዲህ አጣሪልኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ሻዩም ቀረ።

አሁን የተከራዩት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከአቅማቸው ጋር የሚሄደው እሱ ብቻ ሆነ። ጋሼ ደግሞ አሁን ነው መናገር የጀመረው! የቱን መስመር እንደነዳ፣ ማን እንደተሳፈረ፣ ማን ለሻይ ስንት እንዳበደረው፣ አንድ ሳያስቀር ማታ ማታ ይለፈልፍላታል። እሷ አንሶላ ዘርግታ ጠርዙን ታያለች፤ «እም» ትለዋለች። ዘይቱን አሙቆ ሲመጣ ጉልበቷን ትሰጠዋለች፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው ነው።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ነርሷ ሌላ ቤት ልትገዛ መሆኗን ሰማች። ደረጃው ወገብ ላይ አረፍ ብላ ጠበቀችኝ። «ሂጂና ንገሪያት» አለችኝ። «አንድ ጊዜ ጠይቃ እንዳትተወው። በፊርማው ቀን ጠዋት ድጋሚ ትጠይቅ። በራሷ አፍ።»

«አንቺ ሴት፣ ስምሽን ያጠፋችው እኮ እሷ ናት!»

«ሂጂ አልኩሽ።»

ሄድኩ። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝና፣ «እሷ? መጀመሪያ የራሷን ቤት ትጠይቅ» ብላ ዘጋችብኝ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ልሰድባት አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ?

ስመለስ እህቴ እዚያው ደረጃው ላይ ናት፣ አልወጣችም። «ምን አለችሽ?»

«እሺ ብላለች። እግዜር ይስጥልኝ በያት ብላለች።»

«ጎሽ» አለች። «ጠዋት ይሁን ግን። ጠዋት ካልሆነ ዋጋ የለውም።» ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች፣ አንዱን እግሯን አስቀደመች፣ ሌላውን በእጇ አንስታ አስከተለች።