የፋጡማ ልጅ መኪናና የእኔ ልጅ መኪና

ዛሬ ፋጡማን በስልኳ ቪዲዮ ውስጥ አየኋት፤ ብርቱካንማ መኪና የኋላ ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

ፋጡማ ጎረቤቴ ናት፤ አሰላ አብረን ነው የተማርነው። ትናንት ከሜልቦርን ስለተመለሰች የሰፈሩ ሴቶች እንኳን ደህና መጣሽ ልንላት ቤቷ ተሰብስበን ነበር።

መኪናው የልጇ ነው፤ ራሱ ያደሰው የድሮ የአውስትራሊያ ፋልከን። የእኔም ልጅ አሜሪካ የድሮ ሙስታንግ አለው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ሙስታንግ ቁመናው ሌላ ነው» አልኩ። «ይኸኛው ግን አራት በር ያለው የቤተሰብ መኪና ነው።»

(ስለ ሁለቱም አስቀድሜ አንብቤ ነበር። ሳልዘጋጅ የትም አልሄድም።)

ፋጡማ ሳቀች። «ሞተሩ ቀላል እንዳይመስልሽ ሸዋዬ፤ ሲነሳ ደረቴን ነው ያንቀጠቀጠው። አውስትራሊያኖቹ ጉልበቱን ሰጥተውት ለእናትም ቦታ ተዉበት። ያንቺውስ ከኋላ ሰው ይይዛል?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ግን መኪናውን የማውቀው በፎቶ ነው። ልጄ በየበዓሉ ይልክልኛል፤ እኔም ለሁሉም አሳያለሁ።

ቤቴ እንደገባሁ ደውዬ ጠየቅሁት።

«የኋላው በጣም ጠባብ ነው እማዬ። ጃኬቴን ነው የምጥልበት» አለኝ።

በዚህ ዕድሜዬ በጃኬት እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ልጆቻችሁ ውጭ አገር ያሉ እናቶች፣ እናንተስ መኪናቸው ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ፤ ፎቶ አልቆጥርም።